የአገር ሀብትና የሕዝብ ጤና በሰሜን ተራሮች ግርጌ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው አስፋልት 75 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ዳባትን ያገኛል። ዳባት ደጋ ላይ የተቀመጠች፣ ዙሪያዋን ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች የሚመረትባት የወረዳ ከተማ ናት። ለመንገደኛ ዓይን ከሌሎቹ የሰሜን ጎንደር ከተሞች ብዙም አትለይም። በሕዝብ ጤና ትምህርት ግን ስሟ ከአገር አልፎ ይታወቃል። ከ1996 ጀምሮ በወረዳው በተመረጡ ቀበሌዎች ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን ቀዬውን ለቆ እንደ ሄደ ቤት ለቤት እየተጠየቀ ይመዘገባል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ መዝገብ አንድን ትልቅ ጥያቄ በቅርብ ለመመርመር ይረዳል። የአንድ አገር ሀብት ከሕዝቡ ጤና ጋር ምን ያገናኘዋል? ሀብታም አገር ጤነኛ፣ ድሃ አገር በሽተኛ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግማሽ እውነትም አለበት። ሌላው ግማሽ ግን ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ሀብት ወደ ምግብ፣ ወደ ንጹሕ ውሃ፣ ወደ ክትባትና ወደ ሠለጠነ የጤና ባለሙያ ካልተለወጠ፣ ተለውጦም ሩቅ ቀበሌ ድረስ ካልዘለቀ ጤና አይሆንም። የዳባት፣ የደባርቅና የአካባቢያቸው ታሪክ ይህን በሚገባ ያስረዳል።

የጥናቱ መነሻ

ሰሜን ጎንደር ከሕዝብ ጤና ትምህርት ጋር የተዋወቀው ከዳባቱ መዝገብ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ባለው የደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲቋቋም ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ይህ እልቂት ነበር። መንግሥት ኮሌጁን የከፈተው በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እገዛ ነው።

በዚያ ዘመን በአገሪቱ አንድም የሕክምና ፋኩልቲ አልነበረም፤ የመጀመሪያው አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በ1964 ነው። የጎንደሩ ኮሌጅ ከአገሪቱ አቅም ጋር የሚመጣጠን መንገድ መረጠ። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን አሠልጥኖ በአንድ ቡድን ወደ ገጠር መላክ ጀመረ። ጤና መኮንኑ በሽተኛ ያክማል፤ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፤ ሳኒቴሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። በ1958 የወባ ወረርሽኝ የኢትዮጵያን ከፍተኛ ቦታዎች ሲመታ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ታመሙና 150,000 ያህሉ እንደ ሞቱ ይገመታል። እንዲህ ያለ መቅሠፍት በከተማ ሆስፒታል ብቻ እንደማይመከት ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ።

ያ ኮሌጅ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። የዳባቱን መዝገብ የሚይዘውን የምርምር ማዕከል ያቋቋመውም ይኸው ተቋም ነው። ዳባት የተመረጠችበት አንዱ ምክንያት ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ በአንድ ወረዳ ውስጥ ስለሚገኙባት ነው። በገጠር ብዙ ሰው የሚሞተው በቤቱ ስለሆነ የሐኪም የሞት ማስረጃ አይኖርም። ስለዚህ ባለሙያዎች ከኀዘኑ በኋላ ወደ ቤተሰቡ ሄደው ሟቹ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ ያስለው ነበር ወይ፣ ሕመሙ ስንት ቀን ቆየ እያሉ ይጠይቃሉ፤ ሐኪሞችም መልሱን አይተው የሞቱን ምክንያት ይለያሉ። ያለዚህ ዓይነት ሥራ ድህነት ማንን በምን በሽታ እንደሚገድል ማወቅ አይቻልም።

ሀብትና ጤና እንዴት ይለካሉ?

የአገር ሀብት ብዙ ጊዜ የሚለካው በጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ነው። ይህም አገሪቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ያመረተችው ዕቃና የሰጠችው አገልግሎት ዋጋ ድምር ነው። ድምሩ ለሕዝቡ ቁጥር ሲካፈል የነፍስ ወከፍ ገቢ የሚባለው ይገኛል።

ለጤና ደግሞ ሦስት መለኪያዎች በብዛት ይሠራባቸዋል። የመጀመሪያው አማካይ የሕይወት ዘመን ሲሆን፣ ዛሬ የተወለደ ሕፃን አሁን ባለው የሞት መጠን ቢኖር በአማካይ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ያሳያል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። አማካዩ 50 ዓመት በሆነበት አገር ሰዎች 50 ሲሞላቸው ይሞታሉ ማለት አይደለም፤ ብዙ ሕፃናት በጨቅላነታቸው ስለሚሞቱ አማካዩ ወደ ታች ይሳባል። ሁለተኛው መለኪያ ከ1,000 ሕፃናት ውስጥ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ቁጥር ነው። ሦስተኛው መቀንጨር ነው፤ በምግብ እጥረትና በተደጋጋሚ ሕመም ምክንያት የልጁ ቁመት ለዕድሜው ከሚጠበቀው ሲያንስ ማለት ነው።

የአንድን ገበሬ ቤተሰብ ሀብት መለካት ግን ሌላ ዘዴ ይጠይቃል። ወርኃዊ ደመወዝ የለም፤ እህሉ ገሚሱ ይበላል፣ ገሚሱ ይሸጣል፣ ገሚሱ ለዘር ይቀመጣል። ስለዚህ መረጃ ሰብሳቢዋ ስለ ገንዘብ ከመጠየቅ ይልቅ ቤቱን ታያለች። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ወይስ ሣር? ወለሉ አፈር ነው ወይስ ሲሚንቶ? ውሃ ከቦኖ ነው ወይስ ከወንዝ? መጸዳጃ አለ? ሬዲዮ ወይም ስልክ አለ? በሬና ላም ስንት ነው? መልሶቹ ተደምረው ቤተሰቦች ከድሃው እስከ ሀብታሙ በአምስት እኩል ደረጃዎች ይከፈላሉ።

በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በዚህ አከፋፈል ያገኘው ልዩነት ከፍተኛ ነው። በድሃው ደረጃ ካሉት ቤተሰቦች ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 11 ያህሉ ሲሆኑ፣ በሀብታሙ ደረጃ 70 ያህሉ ነበሩ። መቀንጨር በድሃው ደረጃ ካሉ ሕፃናት 45 በመቶውን፣ በሀብታሙ ደረጃ ካሉት 26 በመቶውን ነክቷል። ሁለተኛው ቁጥር ልብ ሊባል ይገባዋል። ከሀብታሞቹ ልጆችም ከአራት አንዱ ቀንጭሯል፤ ስለዚህ ገንዘብ ያግዛል እንጂ ብቻውን አይበቃም።

ድህነት ሰውን የሚያሳምመው በምን መንገድ ነው?

አንደኛው መንገድ ምግብ ነው። ደሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር ይባላል። በደባርቅ ዙሪያ ዋናው እህል ገብስ ነው፤ እንጀራውም፣ ቆሎውም፣ በሶውም፣ ጠላውም ከገብስ ይሠራል። ቅቤው፣ እንቁላሉና ዶሮው ግን ጨው፣ ዘይትና የልጅ ደብተር እንዲገዛበት ገበያ ይወጣል። ልጁ ሆዱ ሞልቶ ሊተኛ ይችላል፤ ለአጥንቱና ለአእምሮው የሚያስፈልገው ፕሮቲን፣ ብረትና ቫይታሚን ግን ይጎድለዋል። ጉዳቱ የሚከፋው ከፅንሱ ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደቱ ባሉት 1,000 ያህል ቀናት ነው። በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ የቀነጨሩ ሕፃናት 38 በመቶ ሲሆኑ፣ በእህል አምራችነቱ በሚታወቀው በአማራ ክልል 46 በመቶ ነበሩ። የእህል መብዛት ብቻውን የልጅን እድገት አያረጋግጥም ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ቤትና ውሃ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ነው። የገጠር ቤተሰብ በሩን ዘግቶ መካከል ላይ እሳት ያነዳል፤ ማገዶው እንጨትና ኩበት ነው። መስኮት በሌለው ቤት ጭሱ የሚወጣበት ስለሌለ እናትና ሕፃን ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሱታል። የሳንባ ምች ሕፃናትን ከሚገድሉ ዋና በሽታዎች አንዱ የሆነበት አንድ ምክንያት ይህ ነው። ውሃ ሩቅ በሆነበት ቀዬ ደግሞ ከምንጭ በእንስራ ወይም በጀሪካን የመጣው ለመጠጥና ለወጥ ይበቃ እንደሆነ እንጂ ለፊት መታጠቢያ አይተርፍም። ትራኮማ፣ በተለምዶ የዓይን ማዝ የሚባለው በሽታ፣ የሚስፋፋው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። በ2006 አካባቢ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ልጆች 63 በመቶ ያህሉ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ የክልሉ ጤና ቢሮ ከካርተር ማዕከል ጋር ሆኖ መድኃኒት በብዛት ያድላል፤ የተቀለበሰ ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና ያስተካክላል፤ ፊት መታጠብንና መጸዳጃ መሥራትን ያስተምራል። መድኃኒቱ በሽታውን ይቀንሳል፤ ውሃና መጸዳጃ ካልተሟሉ ግን በሽታው ይመለሳል።

ሦስተኛው መንገድ ሥራ ነው፤ በዚህ አካባቢ በተለይ ሊስተዋል የሚገባውም እሱ ነው። የደጋው መሬት የተሸራረፈና በጎርፍ የተጠረገ ስለሆነ ከአንድ ማሳ የሚገኘው እህል ለብዙ ቤተሰብ ዓመቱን አያደርስም። ወጣቶች ክረምት ላይ ለአረም፣ ከመስከረም ጀምሮ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳሉ። ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ወባ ስለማያውቅ ሰውነቱ የመቋቋም ልምድ የለውም። በቆላው ከወባ ሌላ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጣጠቀ የዋልካ መሬትና በግራር ዛፎች አካባቢ ይራባል፤ የቀን ሠራተኛው የሚያድረውም እዚያው እርሻው ዳር፣ ብዙ ጊዜ ያለ አጎበር ነው። የተነደፈው ሰው ለሳምንታት ያተኩሰዋል፤ ይከሳል፤ ጣፊያው ያብጣል። ካልታከመ ይሞታል። በሽታው በ2005 በሊቦ ከምከም ወረዳ ወረርሽኝ ሆኖ ሲገኝ በመጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ካላዛርን የሚያክምና የሚመራመር ማዕከል አለው። እነዚህን ወጣቶች ወደ በሽታው የሚያወርዳቸው የእህል እጥረት ስለሆነ ካላዛርን በመድኃኒት ብቻ ማጥፋት አይቻልም፤ የደጋውን እርሻ ማሻሻልና ለሠራተኛው አጎበር ማቅረብም የሕክምናው አካል ናቸው።

አራተኛው መንገድ ርቀትና ክፍያ ነው። ከሰሜን ተራሮች ወዲያ ባሉት በጃናሞራና በበየዳ ምጥ የጠናባትን እናት እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ ተሸክሞ መውጣት የሰፈር ሰው ግዴታ ሆኖ ኖሯል። ከዚያ በኋላ የትራንስፖርት፣ የመድኃኒትና የማደሪያ ወጪ ይመጣል። በ2016/17 በተሠራው ብሔራዊ የጤና ወጪ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ለጤና የወጣው ገንዘብ በነፍስ ወከፍ 33 ዶላር ያህል ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 31 በመቶውን ታካሚው ከኪሱ ከፍሏል። በሬውን ሸጦ የታከመ ገበሬ ቢድንም በሚቀጥለው ዓመት የሚያርስበት ያጣል፤ እርሻውንም ለእኩል አራሽ ይሰጣል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይህ ነው።

ገቢ ብቻውን የማያብራራው

አሜሪካዊው የሥነ ሕዝብ ሊቅ ሳሙኤል ፕሬስተን በ1975 ባሳተመው ጥናት የአገሮችን የነፍስ ወከፍ ገቢ ከአማካይ የሕይወት ዘመናቸው ጋር አገናዝቦ አንድ መስመር አገኘ። መስመሩ ከዛሪማ በሊማሊሞ አድርጎ ደባርቅ የሚወጣውን መንገድ ይመስላል። መጀመሪያ ላይ ቀጥ ያለ አቀበት ነው፤ ለድሃ አገር ትንሽ ገቢ ሲጨመር ዕድሜ በጣም ይረዝማል። ከላይ ሲደርስ ሜዳ ይሆናል፤ ለሀብታም አገር ብዙ ገቢ ቢጨመርም ዕድሜ የሚረዝመው ጥቂት ነው። ፕሬስተን ሌላም ነገር አስተዋለ። መስመሩ ራሱ ከዘመን ወደ ዘመን ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ በ1960ዎቹ የነበረ ድሃ አገር በ1930ዎቹ ተመሳሳይ ገቢ ከነበረው አገር ይልቅ ረጅም ዕድሜ ነበረው። በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ከታየው የዕድሜ መርዘም በገቢ እድገት ሊብራራ የሚችለው ከ10 እስከ 25 በመቶው ብቻ መሆኑን ገመተ። የቀረው የክትባት፣ የመድኃኒት፣ የንጽሕናና የእውቀት ውጤት ነው።

የዘመናችን ምሳሌዎችም ይህንኑ ያስረዳሉ። አሜሪካ ከአገር ውስጥ ምርቷ 17 በመቶ ያህሉን ለጤና ታወጣለች። የኮስታ ሪካ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከአሜሪካ አንድ አምስተኛ ቢሆን ነው፤ ሕዝቧ ግን ቢያንስ የአሜሪካኑን ያህል ዕድሜ ይኖራል። በ1985 የወጣ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት ኮስታ ሪካን፣ ሲሪላንካን፣ ቻይናንና የሕንድን የኬራላ ግዛት በአነስተኛ ወጪ መልካም ጤና ያገኙ ብሎ ጠቅሷቸዋል። ጥናቱ በ2011 ሲደገም ከተመረጡት አምስት ቦታዎች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ኢትዮጵያ በአነስተኛ ወጪ ጤናን እንዴት እንዳሻሻለች ለመረዳት ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው ጨው ነው። በጎርፍ የታጠበ የደጋ አፈር አዮዲን ስለሚያንሰው የሚበቅልበት እህልም አዮዲን ያንሰዋል። አዮዲን ያጣ ሰው አንገቱ ላይ እንቅርት ያወጣል፤ ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በእርግዝና ወቅት አዮዲን ያጣች እናት የምትወልደው ልጅ የአእምሮ እድገት መጎዳቱ ነው። እንቅርት በኢትዮጵያ ደጋ ለዘመናት የኖረ በሽታ ነው። መከላከያው በጨው ላይ የሚረጭ ጥቂት አዮዲን ሲሆን ዋጋው ለአንድ ሰው በዓመት እዚህ ግባ አይባልም። እስከ 1998 አዮዲን የተጨመረበት ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ፤ አገሪቱም አዮዲን ወደሌለው የአፋር ጨው ዞረች። በ2011 መንግሥት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ አውጥቶ አስገደደ። በዚያው ዓመት አዮዲን ያለበት ጨው ከ100 ቤተሰቦች በ15ቱ ብቻ ይገኝ ነበር፤ በ2016 በ89ኙ ተገኘ። በእነዚህ አምስት ዓመታት የገበሬው ገቢ በስድስት እጥፍ አላደገም፤ የተለወጠው ሕጉና የጨው አምራቾቹ አሠራር ነው። ቀሪው ሥራ በእያንዳንዱ ማሸጊያ ውስጥ ያለው አዮዲን በቂ መጠን እንዲኖረው መቆጣጠር ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ተመደቡ። መቀመጫቸው ጤና ኬላ ነው። ሥራቸው ፕሮግራሙ ሲጀመር በ16 ጥቅሎች ተከፍሎ ክትባትን፣ የቤተሰብ ምጣኔን፣ የእናቶች ክትትልን፣ መጸዳጃንና የወባ መከላከልን ይይዝ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ተሰማሩ። ምጥ ከመምጣቱ በፊት እናቲቱ ወደ ጤና ጣቢያ ቀርባ የምትቆይበት የእናቶች ማቆያም ተስፋፋ፤ ብዙ ጊዜ ማኅበረሰቡ ራሱ እህልና ማገዶ እያዋጣ፣ ገንፎ እየተገነፋና ቡና እየተፈላ እናቶች መውለጃቸውን ይጠብቃሉ።

ውጤቱ በቁጥር ታይቷል። ከ1,000 ሕፃናት ውስጥ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ2000 ጥናት 166፣ በ2005 123፣ በ2011 88፣ በ2016 67 ነበሩ። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2000 ከ100 አምስት ሲሆኑ በ2019 ወደ 48 ደረሱ። በ2000 ወደ 50 ዓመት ገደማ የነበረው አማካይ የሕይወት ዘመን በ2019 ወደ 66 ገደማ ከፍ ብሏል። በእነዚሁ ዓመታት ኢኮኖሚው አድጓል፤ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ስልክ ተስፋፍተዋል፤ የውጭ እርዳታም ድርሻ ነበረው። ቢሆንም የአገሪቱ የነፍስ ወከፍ ገቢ በ2019 ገና ከ1,000 ዶላር በታች ነበር። ድሃ አገር ሀብታም እስክትሆን ሳትጠብቅ የልጆቿን ሞት መቀነስ እንደምትችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

አማካይ ቁጥር የሚሸፍነው

ሀብት በአማካይ ሲነገር ማን እንደደረሰውና ማን እንዳልደረሰው አይታይም። ለዚህ ከአማራ ክልል የተወሰደ አንድ ታሪክ በዓለም የኢኮኖሚ ትምህርት ውስጥ ይጠቀሳል። ሕንዳዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ መጽሐፉ የ1973ቱን የወሎ ረሃብ መርምሯል። በዚያ ዓመት የመላ አገሪቱ የምግብ ምርት ያን ያህል አልቀነሰም ነበር። በወሎ ድርቅ ሰብሉን ሲያጠፋ ገበሬው የሚበላውንም የሚሸጠውንም አንድ ላይ አጣ፤ ገንዘብ ስለሌለው እህል ወደ እሱ አልመጣም። እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ ሌላ ቦታ ይጫን ነበር። አገር አቀፉ አማካይ ደህና እያለ ሕዝብ አለቀ።

በደባርቅና በዳባት ሀብት ምን ያህል በቶሎ ሊነጥፍ እንደሚችል በቅርቡ ታይቷል። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያና ጽሕፈት ቤት ናት። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከ1996 ጀምሮ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ በ2017 ወጥቷል። አስጎብኚው፣ ጎብኚን የሚያጅበው ስካውት፣ ምግብ አብሳዩና በቅሎ የሚያከራየው ገበሬ ከጎብኚ በሚያገኙት ገንዘብ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በሰሜኑ ጦርነት ጎብኚ ሲጠፋ ይህ ገቢ ቆመ። ጦርነቱ ወደ አካባቢው ሲደርስ ተፈናቃዮች ወደ ደባርቅና ዳባት ጎረፉ፤ በዳባት ወረዳም ለኤርትራውያን ስደተኞች የዓለምዋጭ ጣቢያ ተከፈተ። ገቢ በቀነሰበት ሰዓት ታካሚ መብዛቱ የጤና አገልግሎት ሰላምን ምን ያህል እንደሚፈልግ ያስተምራል።

ጤና ራሱ ሀብት ነው

እስካሁን ያየነው ሀብት ለጤና የሚያደርገውን ነው። ጤናም በተራው ሀብት ይፈጥራል። የቀነጨረ ልጅ ብዙ ጊዜ ይታመማል፤ ትምህርቱን ቶሎ አይቀበልም፤ ክፍል ይደግማል፤ ሲያድግም ጉልበቱና ገቢው ያንሳል። በ2013 የወጣ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጥናት ኢትዮጵያ በ2009 በሕፃናት የምግብ እጥረት ምክንያት ያጣችውን 55.5 ቢሊዮን ብር አድርሶታል፤ ይህም ከዓመታዊ ምርቷ 16.5 በመቶ ነበር። መንግሥት በ2015 የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2030 ለማስቀረት የወሰነው ይህን በማየት ነው። ሥራው የተጀመረው የሰሜን ተራሮችን ግርጌ ዞሮ በሚሄደው በተከዜ ተፋሰስ ነው። ግብርናው፣ ውሃው፣ ትምህርቱና ጤናው በአንድ ዕቅድ እንዲሠሩ መታሰቡ ከላይ ያየናቸውን አራቱን መንገዶች በአንድነት ለመዝጋት ነው።

በሬውን ሸጦ የሚታከመውን ገበሬ ለመታደግ ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ። በ2011 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የተጀመረው፤ በአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ቀዳሚዎቹ ነበሩ። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይታከማል። መክፈል ለማይችሉት የድሃ ድሃ ለሚባሉት መንግሥት ይከፍላል። አሠራሩ ከዕድር ጋር የሚዛመድ ስለሆነ ሕዝቡ ሐሳቡን በቀላሉ ይረዳዋል። የሚፈተነው ግን ጤና ጣቢያው ውስጥ በሚገኘው መድኃኒት ነው፤ መዋጮውን ከፍሎ መድኃኒት ከግል ፋርማሲ ግዛ የተባለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አያድስም።

የአገር እድገት በመቶኛ ተቆጥሮ ሲነገር የሰማ አንባቢ ከዚህ በኋላ አብሮ የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። በጃናሞራ ያለች እናት ምጧ ሲመጣ ከሠለጠነ አዋላጅ እጅ ትደርሳለች? በዳባት ጤና ጣቢያ መድኃኒት አለ? ሁመራ የሚወርደው ወጣት አጎበር ይዟል? መልሱ አዎ እየሆነ የሄደ ዕለት የአገሪቱ ሀብት ወደ ጤና ተለውጧል ማለት ይቻላል። አንባቢም የድርሻውን ዛሬ ሊጀምር ይችላል። ጨው ሲገዙ አዮዲን ያለበት መሆኑን ከማሸጊያው ላይ ያንብቡ፤ በተከደነ ዕቃ ያስቀምጡት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት። የልጅዎን ክትባት ያስጨርሱ። የጤና መድን መዋጮዎን በወቅቱ ያድሱ፤ አቅም ለሌለው ጎረቤትዎም ስሙ እንዲመዘገብ ለቀበሌው ይንገሩለት።